ባዶ አልጋ ሥራ ፈት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ገጠር ሆስፒታሎች አልጋ ያለኝን አጭር አሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዐምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ሰኔ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው የወንድሜ ሚስት ምጥ ጸንቶባት በሌሊት በቃሬዛ ወደ ወረዳው ሆስፒታል ተወሰደች። አልጋው ተነጥፎ ነበር፤ ክፍሉ ግን ተቈልፎአል። ለሌሊት ተረኞች የሚከፈለው አበልና የጄኔሬተሩ ነዳጅ በጀት አልቋል ተባለ። እናቲቱ ሌላ ከተማ ደርሳ ተገላገለች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፥ እኛ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምንደለድል ሰዎች እንድናስብበት ነው።

ሪፖርት ስንመረምር ከአልጋዎቹ ብዙዎቹ ባዶ መሆናቸውን ካየን እንደ ብክነት እንቈጥረዋለን። ነገር ግን የአልጋ ዋጋ ብረቱና ፍራሹ አይደለም፤ ነርሷ፥ አዋላጇ፥ ኦክሲጅኑና መብራቱ ነው። ይህም ወጪ ሕመምተኛ ቢመጣም ባይመጣም አይቀርም። ቃጠሎ ባልተነሣበት ቀን የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ ዋለ ተብሎ ሾፌሩ አይሰናበትም።

በአገራችን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 የሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስልት ተቋሞች ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲያውሉ መንገድ ከፈተ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የአባላቱን የሕክምና ዋጋ ይከፍላል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ገንዘብ የሚያመጡት ሕመምተኛ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የመጠባበቅ ወጪ ሊሸፍን የሚችለው የመንግሥት መደበኛ በጀት ነው።

ይህ ችግር የድሀ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የአረጋውያን የመንግሥት መድን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 በየበሽታው ዓይነት አስቀድሞ የተቈረጠ ዋጋ መክፈል ሲጀምር፥ ሕመምተኛ የሚያንሳቸው የገጠር ሆስፒታሎች ተጎዱ፤ ብዙዎችም ተዘጉ። በ1997 በወጣው ሕግ ግን ጥቂት አልጋ ያላቸውና ከሌላ ሆስፒታል የራቁት ለእነዚሁ ሕመምተኞች በወጪያቸው ልክ እንዲከፈላቸው ተወሰነ። የርቀቱም መለኪያ 35 ማይል ሲሆን ለተራራማ አገር 15 ማይል ሆኗል።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። አንደኛ፥ ለሌሊት ተረኛ፥ ለነዳጅና ለኦክሲጅን የሚሆነው ገንዘብ በየሆስፒታሉ በተለየ የሒሳብ መደብ ይያዝ፤ እስከ ሰኔ 30 ድረስም ወደ ሌላ ሥራ አይዛወር። ሁለተኛ፥ ለሁሉም እኩል ሳይሆን፥ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል ለመድረስ በክረምት መንገድ የሚፈጀው ሰዓት እየታየ ይደልደል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። አዲስ ሕንፃ ከመመረቅ በፊት የተሠራውን ክፍል በሌሊት መክፈት ይቀድማል ብዬ እመልሳለሁ። ሕመምተኛው ደጅ ከደረሰ በኋላ ነዳጅ ፍለጋ መሮጥ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ