ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ አውቶሞቢል የተነገረ አይደለም። ነገር ግን ወጣቶቻችን ከትምህርትና ከሥራ ሰዓት በኋላ በየቡና ቤቱ ተሰብስበው ስለ ፈጣን መኪና ሲከራከሩ በሰማን ቍጥር የሚታወሰን ይኸው ተረት ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ጥያቄ ነውና። «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ይባላል፤ ብዙ ፈረስ የጠራው ያሸንፋል፤ ጥቂት የጠራው ያፍራል፤ ከዚያ በኋላ የቡናው ሒሳብ ተከፍሎ ወደየቤት ይገባል።

እኛ ግን ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው እንላለን። የመኪና ችሎታ በሞተሩ ጉልበት ብቻ አይለካም። ያ ጉልበት ስንት ኪሎ ይሸከማል? ጎማው መንገዱን ምን ያህል ይጨብጣል? የተነሣውን ፍጥነት ፍሬኑ መልሶ ሊያቆመው ይችላልን? እነዚህ ካልተጠየቁ የፈረሱ ቍጥር ባዶ ጩኸት ነው። ለነገራችን ማስረጃ እንዲሆኑ ጥቂት መኪኖችን እናቀርባለን፤ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1956 የስዊዝ ቦይ በመዘጋቱ ምክንያት በእንግሊዝ አገር ቤንዚን በራሽን ሆነ። በጥቂት ነዳጅ የሚሄድ ትንሽ መኪና እንዲሠራ የታዘዘው መሐንዲስ አሌክ ኢሲጎኒስ በ1959 ሚኒ የተባለችውን መኪና አወጣ። ርዝመቷ ከሦስት ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የሞተሯም ጉልበት 34 ፈረስ ብቻ ነበረ። ኢሲጎኒስ ሞተሩን አግድም አስቀመጠው፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር ከዘይቱ ቋት ውስጥ አገባው፤ ጎማዎቹንም ወደ አራቱ ማዕዘን ገፋቸው። እንዲህ በማድረጉ በዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ አራት ሰዎች የሚቀመጡበት ስፍራ ተገኘ። የሞተሩም ክብደት መኪናዋን በሚጎትቱት በፊተኞቹ ጎማዎች ላይ ዐረፈ።

በ1961 በእሽቅድምድም መኪና ሠሪው በጆን ኩፐር ስም የተጠራችው ሚኒ ኩፐር ስትወጣ ጉልበቷ ወደ 55 ፈረስ ከፍ አለ። እዚህ ላይ ወጣት አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ጉልበቱ በተጨመረበት በዚያው ጊዜ ለፊተኞቹ ጎማዎች የዲስክ ፍሬን ተገጠመላቸው። ዐዋቂ መሐንዲስ ፈረስ ሲጨምር ልጓሙንም ያጠብቃል።

ውጤቱ በሞንቴ ካርሎ ራሊ ታየ። በ1964 ፓዲ ሆፕኪርክ ሞተሯ ከአንድ ሊትር እምብዛም በማይበልጥ ሚኒ ኩፐር ኤስ አሸነፈ፤ ሁለተኛ የወጣው 4.7 ሊትር ሞተር ያለው የአሜሪካ ፎርድ ፋልከን ነበረ። እርግጥ የዚያ ውድድር የነጥብ አቈጣጠር ለትንሽ ሞተር ያደላ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ነገር ግን በ1965 ቲሞ ማኪነን በብርቱ በረዶ ውስጥ፥ በ1967ም ራውኖ አልቶነን በሚኒ ድሉን ደገሙት። በረዶ ላይ ጉልበት የበዛበት ከባድ መኪና ጎማው በከንቱ ሲሽከረከር፥ ቀላሏ ሚኒ ክብደቷ በሚጎትተው ጎማ ላይ ስለ ተጫነ መንገዱን ይዛ ትሄድ ነበር።

«ይህ የትንሽ መኪና ወሬ ነው፤ ለእውነተኛ ፍጥነት ግን ጉልበት የግድ ነው» የሚሉን አይጠፉም። መልካም፤ ወደ ታላላቆቹ እንሂድ። ጎርደን መሬይ የነደፈው ማክላረን ኤፍ 1፥ 627 ፈረስና 1,140 ኪሎ ያህል ክብደት ይዞ በ1998 በሰዓት 386 ኪሎሜትር ሮጠ። በ2005 የወጣው ቡጋቲ ቬይሮን ደግሞ 1,001 ፈረስ ሲኖረው ክብደቱ ከ1,800 ኪሎ በላይ ነው፤ የደረሰበት ፍጥነት ግን 408 ኪሎሜትር ያህል ነበረ። እንግዲህ 22 ኪሎሜትር ለመጨመር ከ370 በላይ ፈረስ ተከፈለ ማለት ነው። ዋናው ምክንያት አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። የቬይሮንን ድንቅ ሥራ አንክድም፤ የዚያን ሁሉ ሞተር ሙቀት በዐሥር ራዲያተር ማስወጣት ቀላል ጥበብ አይደለም። ነገር ግን ጉልበት የሚጠቅመው በቀጥታው መንገድ ሲሆን፥ ክብደት መቀነስ ግን ሲነሡም፥ ሲታጠፉም፥ ሲቆሙም ይጠቅማል። የሎተስ መኪኖች መሥራች ኮሊን ቻፕማን ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በዚህ እምነት ነው። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1996 የወጣው ሎተስ ኤሊዝ 120 ፈረስ ያህል ብቻ ይዞ ስሙ የተጠራው ክብደቱ ከ750 ኪሎ በታች በመሆኑ ነው።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቈረቈረች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በወረቀት ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋውን በከተማችን ያጣል። በቡና ቤት የሚጠራው 100 ፈረስ እንጦጦ ላይ 75 ያህል ሆኖ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከዚህ ጕድለት ነጻ ነው፤ በ2024 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህም ብዙ ወጣት የሚያየው ይህንኑ መኪና ነው። ነገር ግን ባትሪው ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ ያም ክብደት ቍልቍለት ላይ ዕዳውን ይጠይቃል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድን እናስብ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቍልቍል ሲወርድ የሚለቀው ኀይል ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው በከባድ ማርሽ በሞተሩ ካልያዘው፥ ወይም የኤሌክትሪኩ ሞተር ኀይሉን ወደ ባትሪው ካልመለሰው፥ ያ ሙቀት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወርዳል፤ የጋለ ፍሬንም መያዙን ይተዋል። በሜዳውም ቢሆን በ100 ኪሎሜትር የሚሮጥ መኪና ለመቆም የሚፈልገው መንገድ በ50 ከሚሄደው አራት እጥፍ ነው። በዚያች ሰዓት ስንት ፈረስ አለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ ደመወዙን አጠራቅሞ መኪና ሊገዛ የተነሣ ወጣት ሠራተኛ፥ ነገም መሐንዲስ ሊሆን የሚማር ተማሪ፥ ጥያቄውን ከሥር እንዲጀምር እንመክራለን። ጎማው ስንት ዓመት ሆነው? ፍሬኑ መቼ ታየ? ክብደቱስ ስንት ነው? የፈረሱ ብዛት ከእነዚህ በኋላ ይጠየቅ። የሚቀጥለው የቡና ቤት ክርክር በዚህ ተራ ቢሄድ፥ የሚያሸንፈው ቍጥር የጠራ ሳይሆን ነገሩን የመረመረ ይሆናል።