ምድር ቤቱን አሳዩን፤ ማሳውን ደበቁን

ሻምፓኝ የሚጠጣ ሰው ከአረፋው ጋር ተረትም አብሮ ይጠጣል። ይህን የምለው ፈረንሳይ አገር፣ ሬምስ ከተማ፣ ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ የሻምፓኝ ቤት ጎብኝቼ ነው።

ምድር ቤቱ ከጠመኔ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ። አስጎብኚያችን አሠራሩን አሳምራ አስረዳችን። ወይን ጠጁ ስኳርና እርሾ ታክሎበት ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይፈላል፤ መውጫ ያጣው ጋዝ እዚያው ይታመቃል። ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየዞረ ሲዘቀዘቅ አምቡላው አንገቱ ላይ ይከማቻል፤ አንገቱ በርዶ ሲከፈት ተስፈንጥሮ ይወጣል። እስከዚህ እሰየው!

ቀጥሎ ተረቱ መጣ። ሻምፓኝን የፈለሰፉት ዶም ፔሪኞ የተባሉ መነኩሴ ናቸው ተባልን። እኚህ አባት በ1668 እ.ኤ.አ. የኦቪዬ ገዳም የወይን ጠጅ ቤት ኃላፊ ሲሆኑ፣ አረፋ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር። ስኳር ጨምሮ ወይን ጠጅን አረፋማ ማድረግንም እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜሬት በ1662 ለንደን ላይ ጽፎታል።

ተረቱስ ይሁን፤ የሚከነክነኝ ዝምታው ነው። የሻምፓኝ ወይን በደንቡ መሠረት የሚለቀመው በእጅ ብቻ ነው፤ በየመኸሩ 100 ሺህ ያህል ሰው ይሰማራበታል። ታዲያ ስለ ለቃሚዎቹ ብንጠይቅ «ወደ ቅመሳው እንለፍ» ተባልን!

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርህ፣ አንባቢ ሆይ። በመስከረም 2023 ኔል ለ ሬፖን በተባለ መንደር ከ50 የሚበልጡ ለቃሚዎች፣ አብዛኞቹ የምዕራብ አፍሪካ ልጆች፣ ለሰው በማይመች ማደሪያ ታጉረው ተገኙ። በሐምሌ 2025 የሻሎን ፍርድ ቤት 3 ሰዎችን በሰው ንግድ ጥፋተኛ አላቸው።

«ጥፋቱ የደላላ ነው፤ ቤቶቹ ምን አደረጉ?» የሚል አይጠፋም። ፍርድ ቤቱ ግን ደላላው ላይ አላቆመም፤ አንድ የወይን ድርጅትንም በገንዘብ ቀጥቷል። ርካሽ ጉልበት የሚፈልግ ባይኖር ደላላው ማንን ይዞ ለማን ይሸጥ ነበር?

ከሞቱ 300 ዓመት ላለፋቸው መነኩሴ ሩብ ሰዓት የሚሰጥ ጉብኝት፣ በሕይወት ላለው ለቃሚ 5 ደቂቃ አያጣም። የት ያድራል? ስንት ይከፈለዋል? ማን ቀጠረው? እነዚህን ጥያቄዎች አስጎብኚዋ በራሷ አታነሳቸውም፤ የመግቢያውን ዋጋ የከፈልን እኛ፣ ብርጭቆው ከመቀዳቱ በፊት እንጠይቅ።