ሴል ውሃ የሞላበት ፌስታል አይደለም!

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

"ባዮሎጂ ሽምደዳ ነው፣ ፊዚክስ ስሌት ነው" የምትባለዋ አባባል አሁንስ አንገሸገሸችኝ። ተማሪ ቢላት ባልከፋ። ወላጅ ይላታል፤ እኛ መምህራንም ሻይ ላይ ቁጭ ብለን እንላታለን። ስሌት የሚችለው ልጅ "አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ባዮሎጂውን ለፈተና ያህል ያዛት" ይባላል። ስሌት የሚፈራው ደግሞ "ግድ የለም፣ ሜዲስን ትገባለህ" ተብሎ ይጽናናል። ሁለቱንም ሸወድናቸው።

ሽወዳው የሚጀምረው ሴል ስናስተምር ነው። ሰሌዳ ላይ ክብ እንስላለን፣ መሃሉ ላይ ሌላ ክብ፣ ዙሪያውን ነጠብጣብ፣ ከዚያ ስም ማሸምደድ። ልጁ ሴል ማለት ዕቃ የሚንሳፈፍበት ውሃ የሞላ ፌስታል ነው ብሎ አምኖ ይወጣል። "ታዲያ ቅርጹን ምን ያዘለት? ስንቆምበት ለምን አይፈርጥም?" ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ የባዮሎጂው መምህር "እሱ ፊዚክስ ነው" ይለዋል፣ የፊዚክሱ "እሱ ባዮሎጂ ነው" ይለዋል። ጥያቄው ኮሪደር ላይ ይቀራል።

መልሱ ግን ሰፈራችን ውስጥ አለ። የእድር ድንኳን ሲተከል ያላየ የለም። ምሰሶው ይገፋል፣ ገመዱ ይስባል፣ ካስማው መሬት ላይ ይይዛል። ድንኳኑን ያቆመው የመግፋትና የመሳብ ትግል ነው። አንዱን ገመድ ብታላሉት አንድ ጥግ ብቻ አይረግብም፣ ሁሉም ያዘነብላል።

አሜሪካዊው ቀራጺ ኬኔት ስኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1948 የእንጨት ቁራጮችን እርስ በርስ ሳያነካካ በክር ውጥረት ብቻ አቁሞ አሳየ። በክሚንስተር ፉለር በኋላ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር "ቴንሴግሪቲ" የሚል ስም አወጣለት። በ1970ዎቹ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ዶናልድ ኢንግበር ይህንን ያገኘው የት መሰላችሁ? የቅርጻ ቅርጽ ክፍል ውስጥ! ባዮሎጂ ላይ ያየውን ሴል አስታወሰና ነገሩ ገጠመለት።

ሴል ውስጥ ምሰሶም ገመድም አለ። ማይክሮቲዩቡል የሚባለው ባዶ ቱቦ 25 ናኖሜትር ያህል ውፍረት አለው፣ መጨመቅን ይችላል። ወደ 7 ናኖሜትር የሚሆነው የአክቲን ክር ደግሞ ይስባል። ሴሉን ከውጭው ጋር የሚያያይዙት ፕሮቲኖች ካስማዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንግበርና ባልደረቦቹ እነዚህን ካስማዎች ከውጭ ሲጎትቱ ውስጥ ያለው ኒውክለስ ቅርጹን ለወጠ። ፌስታል ውስጥ የሚንሳፈፍ ዕቃ እንዲህ አያደርግም።

"ያን ያህል ቀጭን ቱቦ ሲጨመቅ አይጎብጥም ወይ?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሳይንቲስቶቹም ተከራክረውበታል። ለዚህ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ በግንባታ ላይ ያሉትን ሕንፃዎች እዩ። የባህር ዛፍ ርብራቡን የሚያስረው አናጢ ረጅሙን እንጨት ብቻውን አይተወውም፣ መሃል መሃሉን በአግዳሚ ይይዘዋል። ኦይለር ከ250 ዓመት በፊት ያሰላው ይህንኑ ነው፦ ቀጥ ያለ ምሰሶ ልክ መሃሉ ላይ ወደ ጎን እንዳይሄድ ከተያዘ፣ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ጭነት 4 እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሕይወት ባለው ሴል ውስጥ ያንኑ አዩ። ማይክሮቲዩቡሉ በዙሪያው ባለው መረብ ስለተደገፈ ብቻውን ከሚችለው በጣም የበለጠ ጭነት ይችላል። አናጢው የሚያውቀውን እኛ ከሁለት መጽሐፍ አውጥተን ማገናኘት አቃተን!

"ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅማል?" ለምትሉ፣ ወባ ልበላችሁ። ቀይ የደም ሴል ስፋቱ 8 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ከራሱ በሚጠብ የደም ሥር ተጣጥፎ ያልፋል። ይህን የሚያስችለው ከሽፋኑ ሥር ያለው እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ የፕሮቲን መረብ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ ሲገባበት ሴሉ ይደርቃል፣ ከደም ሥር ግድግዳም ጋር ይጣበቃል። ወባ ወደ አንጎል የሚወጣበት አንዱ መንገድ ይህ የደም ሥር መዘጋት ነው። አገራችን ውስጥ ያለው ሌላው ተውሳክ ቫይቫክስ ደግሞ ሴሉን ይብሱን ልል ያደርገዋል። የፋልሲፓረሙን መድረቅ አንድ በአንድ ሴል እየጎተቱ ከለኩት አንዱ ሱብራ ሱሬሽ ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፣ መሐንዲስ ነው! ስለ ብረትና ስለ ስንጥቅ ያጠና የነበረ ሰው። እኛ ጋ ቢማር ኖሮ "ባዮሎጂውን ለፈተና ያህል" እንለው ነበር።

ሴል ድንኳን ነው ብዬ እየማልኩ አይደለም። ድንኳን ራሱን አይጠግንም፤ የሴል ምሰሶ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ሴልን እንደ ጄል፣ እንደ ልል መስታወት የሚያሰሉም አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ሞዴል እኮ ሥራው ይኸው ነው፤ የት ላይ እንደሚገጥም፣ የት ላይ እንደሚከዳ ያሳያል። ሰሌዳ ላይ የምንስለው ክብ ግን የሚፈተንበት ነገር ስለሌለው አይከዳም፣ ስለዚህም ምንም አያስተምርም።

"ላብ የለንም" የምትለዋን ደግሞ እዚህ ላይ አልቀበልም። 6 የጭማቂ ስትሮውና ላስቲክ በቂ ነው። ስትሮዎቹ ሳይነካኩ በ24 ላስቲክ ይወጠራሉ። ከላይ ተጫኑት፣ ይጠፈጠፋል፤ ልቀቁት፣ ተመልሶ ይነሳል። የባዮሎጂና የፊዚክስ መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ይግቡ፣ ያንን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ ልጆቹ አንድ ላስቲክ ይቁረጡና የሆነውን ይናገሩ። በጀት አይጠይቅም፣ ደብዳቤም አይጠይቅም።

ወላጆች ሆይ፣ "ስሌት ወይስ ሕይወት" ብላችሁ ልጅ አታስመርጡ። መምህራን፣ የሚቃወመኝ ካለ ከታች ይጻፍ፣ እንከራከር። ተማሪዎቼ፣ እናንተ ደግሞ የሠራችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉልኝ።