ፕሮግራሙ ቢጎድለው መዝገባችን አይጎድልም



በዕድራችን ጽሕፈት ቤት ያለው ኮምፒዩተር አሮጌ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የምንጽፍበትም ዎርድፓድ በሚባለው ቀላል ፕሮግራም ነው። በዚህ የተነሳ አንዳንድ አባሎቻችን «አዲስ ኮምፒዩተር ከነፕሮግራሙ ይገዛ» የሚል ሐሳብ እያነሱ ነው። ሐሳቡ ከቅን ልቦና የመነጨ መሆኑን እናምናለን። እኛ ግን ለጊዜው የዕድሩ ገንዘብ ለዚህ መውጣት የለበትም እንላለን። ገንዘቡ ለሐዘንተኛ፣ ለድንኳንና ለወንበር የተዋጣ ነውና።

ዎርድፓድ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከዊንዶውስ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲመጣ የኖረ ፕሮግራም ነው። ጉድለቱን አንደብቅም። ሠንጠረዥ አያወጣም፤ ስም በፊደል ተራ አይደረድርም፤ መዋጮ አይደምርም። መብራት በሄደ ጊዜም ያልተቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ለያንዳንዱ መላ አለው፤ መላውም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሠንጠረዡን እንውሰድ። ስምና ቁጥር ባዶ ቦታ በመምታት ብቻ እየተገፋ ከተጻፈ ዓምዱ ይዛባል፤ «ሠ» ሰፊ፣ «ነ» ጠባብ ናትና። መላው ታብ የሚባለውን ቁልፍ መጫን፣ የሚቆምበትንም ቦታ ከላይ ባለው ማስመሪያ ላይ መወሰን ነው። መስመሩን ከታተመ በኋላ በእስክሪብቶ ማስመር ይቻላል። ለመብራቱ ደግሞ ጥቂት መስመር በተጻፈ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ መጫን ነው። ድምሩን ገንዘብ ያዡ በሒሳብ መኪና ይሠራዋል፤ ቁጥጥር ኮሚቴውም ያየዋል። ይህ ሁሉ ትንሽ ድካም ነው እንጂ ችግር አይባልም።

ዋናው ጉዳይ የስም ፍለጋ ነው። ፕሮግራሙ ፊደልን በመልኩ እንጂ በድምፁ አያውቀውም። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሀይሉ» ብለው ቢፈልጉት የለም ይላል። «ፀሐይ»ም «ጸሀይ» ተብላ ብትፈለግ አትገኝም። ይሄ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ጡሩምባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ለሐዘንተኛው ቤት ገንዘብ ሊወጣ ሲል «ስማቸው የለም» ማለት ምን ያህል ልብ እንደሚሰብር ማንም ያውቀዋል። ለዓመታት መዋጮዋን ሳታጓድል የከፈለች እናት በአንዲት ፊደል ምክንያት እንደ እንግዳ ልትታይ አይገባም። ልብ በሉ፤ ውድ ፕሮግራም ስለተገዛ ብቻ ይህ ችግር አይጠፋም።

ስለዚህ ፍለጋው በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር ይሁን። ቁጥሩም ሁልጊዜ ፊደል ተጨምሮበት በሦስት አኃዝ ይጻፍ፤ «አ007»፣ «አ017»፣ «አ070» እንደማለት። እንዲያው «7» ተብሎ ከተፈለገ 17ም 70ም ይመጣሉ፤ «አ007» ከተባለ ግን ባለቤቱ ብቻ ይመጣል። ዝርዝሩም በቁጥር ተራ ከሆነ የፊደል ተራ ባይኖር አያሳስብም።

ከወጣቶቻችን መካከል «ዎርድፓድ እኮ ቀርቷል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 ካወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ አስወጥቶታል። በእኛ አሮጌ ማሽን ላይ ግን ይሠራል። ማሽኑ የሚለወጥበት ቀን ሲደርስም እንደ ሊብሬኦፊስ ያለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። የተጻፈውም አይጠፋም። ድሮ የአማርኛ ፊደል ለኮምፒዩተር የሚሠሩ ሁሉ በየራሳቸው አቀማመጥ ስለሚሠሩ፣ የአንዱ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ጭረት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን በዚያው የተጻፈ መዝገብ ወደ ሌላ ፕሮግራም ቢዛወርም ይነበባል። እንግዲህ አሁን ለግዢ መቸኮል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሆኖም ማሽን ብቻውን አይታመንም። ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን እናቀርባለን፤

1ኛ/ ዋናው ማስረጃ በእጅ የተጻፈውና የተፈረመበት መዝገብ ይሁን፤ የኮምፒዩተሩ ዝርዝር ለማንበብ እንዲመች ብቻ ይያዝ።

2ኛ/ የስምና የቁጥር ዝርዝር በየሦስት ወሩ ታትሞ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ማን ምን ዕዳ አለበት የሚለው ግን አይለጠፍም፤ የሰው ገመና ነው።

3ኛ/ ከጸሐፊው ሌላ ሁለት ወጣቶች አሠራሩን ይማሩ። ጸሐፊ ይታመማል፣ መንገድ ይሄዳል፤ ሞት ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ዝርዝሩ በተለጠፈ ጊዜ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ስም፣ ማንበብ የሚቸግራቸው ጎረቤቶች ካሏችሁም የእነሱን ጭምር እንድታዩና የተሳሳተ ፊደል ካለ ለጽሕፈት ቤቱ እንድታስታውቁ በአክብሮት እናሳስባለን።

የዕድሩ ጽሕፈት ቤት