የጓዳ ምክር፤ ስኳር ሳይጨመርበት በቤት የሚሠራ የበጋ በረዶ

የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ በኮልፌ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በበረታች ጊዜ፥ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁት ቀዝቃዛ ነገር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚታተሙ የምግብ መጻሕፍት አይስክሬም የሚሠራበትን ጊዜ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያደርጉታል፤ በእኛ አገር ግን ያ ወራት ጋቢና ትኩስ ሻይ የሚፈለግበት ክረምት ነው። የእኛ የሙቀት ወራት አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገናኝ፥ ወተትና ክሬም ያለበት አይስክሬም ለጾመኛ ቤት አይሆንም። በዚህም ላይ ዛሬ በብዙ ቤት አያት ወይም አባት የስኳር ሕመም አለባቸው። እንግዲህ በዚህ ወር የምናቀርበው ምክር፥ ወተትም ስኳርም ሳይገባበት ተሠርቶ ሕፃኑም አዛውንቱም በአንድ ገበታ ሊቀምሱት ስለሚችሉት በረዶ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ስኳር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከመጀመሩ በፊት፥ በአብዛኛው ቤት የሚታወቀው ጣፋጭ ማር ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ እመቤቶች «ስኳር አላስገባሁም፤ ማር ብቻ ነው» ይላሉ። ዳሩ ግን ማርም በሰውነት ውስጥ ስኳር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ የሚጨመረውን ስኳር፥ ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን በአንድነት ቆጥሮ፥ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከዐሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፥ ቢቻልም ከሃያ እጅ አንዱ በታች እንዲሆን መክሯል። ይህ ሁለተኛው ልክ ለአንድ ጎልማሳ 25 ግራም፥ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን ይህን ልክ ሊያልፍ ይችላል። ስኳርን የሚተኩትን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች በተመለከተም፥ ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደትን ለመቆጣጠር ተብለው እንዳይወሰዱ መክሯል፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን በዚህ ምክር ውስጥ ስላልተካተቱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ስኳር በአይስክሬም ውስጥ የሚገባው ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም። ውሃው ቶሎ በረዶ እንዳይሆን ይከለክላል፤ ስለዚህም አይስክሬም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ስኳር ሲቀር በረዶው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህን ጉድለት የሚሞሉት ከገበያችን የማይጠፉ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የሙዝ ልስላሴ፥ የአቮካዶ ቅባትና የተልባ ልጥ ናቸው። ደግሞም ቅዝቃዜ የምላስን ጣዕም ስለሚያደነዝዝ፥ የምትሠሪው ነገር ከመቀዝቀዙ በፊት ትንሽ በርታ ያለ ጣዕም ይኑረው። ይህንም ቀረፋ፥ ዝንጅብል፥ ሎሚና ጥቂት ጨው ያደርጉታል።

የጾም በረዶ በሙዝና በአቮካዶ። በጭማቂ ቤት «ስፕሪስ» የሚባለውን ለሚወዱ ልጆች ይህ ይስማማቸዋል። 2 የበሰሉ ሙዞች፥ 1 የበሰለ አቮካዶ፥ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና በጣት ቆንጠር ያለ ጨው አዘጋጂ። 2 የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ፥ ሩብ ሰዓት አቆይተሽ አጥልዪው፤ ከዚህም 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሁሉንም በመፍጫ፥ መፍጫ ከሌለም በሹካ፥ እብጠት እስኪጠፋ ድረስ አዋሕጂ። ክዳን ባለው ዕቃ አድርገሽ በፍሪዘር አኑሪው፤ በየ45 ደቂቃው ሁለት ጊዜ አውጥተሽ አማስዪው፤ ሦስት ሰዓት ያህል ሲሆነው ይደርሳል። ከማቅረብሽ በፊት 10 ደቂቃ ከፍሪዘር ውጭ ይቆይ። መስፈሪያው የቡና ሲኒ ይሁን፤ 6 ሲኒ ይወጣዋል። በአንዱ ሲኒ ውስጥ ከሙዙ የሚገኘው ስኳር 5 ግራም ያህል ነው።

የከርከዴ በረዶ። አንድ እፍኝ ከርከዴ፥ አንድ እንጨት ቀረፋና ጥቂት የተከተፈ ዝንጅብል በ1 ሊትር የፈላ ውሃ ዘፍዝፈሽ፥ ሲቀዘቅዝ አጥልዪው። ከርከዴ ኮምጣጣ ስለሆነ በአሉሚኒየም ድስት አይዘፍዘፍ፤ የሸክላ፥ የብርጭቆ ወይም የኢናሜል ዕቃ ይሻላል። ሰፊና ዝቅ ባለ ዕቃ ላይ አፍስሰሽ በፍሪዘር አኑሪው፤ በየግማሽ ሰዓቱ በሹካ ብትፍቂው እንደ ደቃቅ በረዶ ይሆናል። ጎምዛዛነቱ ለልጆች ቢከብድ ጥቂት የተከተፈ ማንጎ ጣል አድርጊበት።

ከፋሲካ በኋላ፥ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፥ እርጎ መጠቀም ይቻላል። አስቀድሞ ከተፈላ ወተት የተሠራ 2 ብርጭቆ እርጎ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥረሽ፥ በፍሪጅ ውስጥ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ አቆዪው። ውሃው ሲቀንስ በረዶው አይሻክርም። ከ1 የበሰለ ማንጎ ጋር አዋሕደሽ እንደ ፊተኛው አድርጊ።

ስለ ውሃው ግን ቸል አትበዪ። ብዙ ሰዎች ብርድ ተሐዋስያንን የሚገድል ይመስላቸዋል፤ ብርድ ግን ያስተኛቸዋል እንጂ አይፈጃቸውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ይነቃሉ። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአተት በሽታ በገባ ጊዜ የውሃ ንጽሕና ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስብ ሁሉም አይቷል። ከተማችን ከፍ ያለች ስለሆነች፥ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ፍራፍሬው ሳይላጥ፥ እጅም ከሥራ በፊት ይታጠብ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠና የሞቀ የእርጎ በረዶ ዳግመኛ አይቀዝቅዝ፤ ይደፋ።

ስለ ሕመምተኛውም ሁለት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ «ስኳር የለበትም» ማለት ያለ ልክ ይበላል ማለት አይደለም። በፍራፍሬው ውስጥ የተፈጥሮ ስኳር አለ፤ ሙዝም እየበሰለ ሲሄድ ስኳሩ ይበዛል። ለአባት አንድ ሲኒ ይቅረብላቸው፤ ከምግባቸውም ጋር ይቈጠር። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፥ ይልቁንም ምግብ ዘግይቶበት፥ ቢያልበው፥ ቢንቀጠቀጥ ወይም ንግግሩ ቢዛባ፥ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና በዚያ ሰዓት ይህ በረዶ አይጠቅመውም። አእምሮውን ካልሳተና መዋጥ ከቻለ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው አጠጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ስለዚህ ስኳርን ከበረዶው ብናወጣም ከጓዳው ፈጽመን አናጥፋው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከርም ይገባዋል።

ጾም አንዱን ጣፋጭ በሌላ ጣፋጭ መለወጥ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ይህ በረዶ በየቀኑ የሚቀርብ ሳይሆን፥ ፀሐይ በበረታችበት ቀን ከቀትር በኋላ በልክ የሚቀመስ ይሁን። ወደ ማታ በገበያ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ በርካሽ ሲሸጥ ብታገኚ ለልጆቹ ገዝተሽ በፍሪዘር አኑሪው፤ ለአባትየው ግን ልጣጩ ገና ቢጫ የሆነውን ምረጪላቸው።