ለተፈጠሩ ፊደላትም ቁጥር ይሰጣቸው

በኮምፒዩተር የሚጻፍ ማናቸውም ፊደል ሁለት ነገር ይሻል፤ አንደኛው ዓለም ሁሉ የተስማማበት የራሱ ቁጥር፣ ሁለተኛውም ያን ቁጥር በመልክ የሚገልጠው ፎንት ነው። ፎንቱን ማንም ባለሙያ በቤቱ ተቀምጦ ሊያዘጋጀው ይቻለዋል፤ ቁጥሩን የሚመድበው ግን ዩኒኮድ የተባለው ማኅበር ስለ ሆነ፣ ማኅበሩ በሩን የዘጋበት ፊደል፣ ወዳጆቹ ምንም ያህል ቢተጉለት፣ በድረ ገጽ ላይ መጠጊያ እንዳጣ ይኖራል።

ይህ ዕጣ ከደረሰባቸው አንዱ የክሊንጎን ፊደል ነው። የቋንቋ ሊቁ ማርክ ኦክራንድ ለስታር ትሬክ ፊልም ያዘጋጀው የክሊንጎን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1985 መዝገበ ቃላት የታተመለት፣ ወዳጆቹም የሚነጋገሩበት ሆኖ ሳለ፣ ለፊደሉ ቁጥር እንዲሰጥ የቀረበው ጥያቄ በ2001 ውድቅ ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ተጠቃሚዎቹ በተግባር የሚጽፉት በላቲን ነው የሚል ነበር። እኔ ይህን ፍርድ ርትዕ የጐደለው ነው እላለሁ፤ ፊደላቸው በሌላው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚታይባቸው ሰዎች በላቲን ከመጻፍ በቀር ምን ምርጫ ነበራቸውና ነው መቸገራቸው ራሱ ምስክር ሆኖ የሚቆምባቸው? በዚያው ዓመት ደግሞ የዩታ ሞርሞኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለእንግሊዝኛ ሠርተው ብዙ ሳይቆዩ የተዉት የዴዘሬት ፊደል ወደ ዩኒኮድ መዝገብ ገብቷል።

ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ሊያስተውለው የሚገባ የለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዩኒኮድ ቁጥር እስኪያገኝ ድረስ፣ እያንዳንዱ ሠሪ የወደደውን ቁጥር እየመደበ፣ ብዙ ጊዜም የላቲኑን ቁጥር የአማርኛ መልክ እያለበሰ ያወጣ ስለ ነበር፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ሲከፈት ፍች የሌለው የምልክት ትርምስ ይሆን ነበር፤ ስለዚህም ብዙው ሰው ለዘመዱ የሚልከውን ሰላምታ እንኳ በኢሜይል በላቲን ይጽፍ ነበር። ያን ጊዜ በላቲን መጻፋችን ፊደላችን ቁጥር እንደማያሻው ማስረጃ ሆኖ ቢቆጠርብን ግፍነቱ ለማን ይሰወር ነበር? ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉበት ፊደል በክብር ከትናንቱ ድርሰት ጋር እንደማይተካከል አውቃለሁ፤ መመዘኛው ግን ለሁሉም አንድ ሊሆን ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው በዩኒኮድ ውስጥ ለግል አገልግሎት ከተተዉት ቁጥሮች ይጠቀም፤ ፎንቱንም ከገጹ ጋር አብሮ ይላክ፤ ከሥሩም ንባቡን በላቲን ያኑር። የላቲኑን ቁጥር ባዕድ መልክ ማልበስ ግን ይቅር፤ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም የሚያየው ቁጥሩን እንጂ መልኩን አይደለምና። የግል ቁጥሮቹም ቢሆኑ ሙሉ መድኃኒት አይደሉም፤ ጽሑፉ ተቀድቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄድ እንደ ገና ሳጥን ይሆናል፣ ያንኑ ቁጥርም ሌላ ሰው ለሌላ ፊደል ሊያውለው ይችላል። የኦክስፎርዱ መምህር ቶልኪን የደረሰው ቴንግዋር የተባለ ፊደል፣ ሐሳቡ ለማኅበሩ ከቀረበ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት፣ ዛሬም በዚሁ በግል ስፍራ ተጠግቶ ይኖራል፤ ማኅበሩም መጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው የእርሱን ጉዳይ ነው።