መታየት መምጣት አይደለም

የመስቀል ወፍ ክረምቱ ሲወጣ ብቅ ብላ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ የምትሰወር በመሆኗ በብዙ ሰው ዘንድ ከሩቅ አገር የምትመጣ የመስከረም እንግዳ ተደርጋ ትታሰባለች። ይሁን እንጂ በየአካባቢው በዚህ ስም ከሚጠሩት ልዩ ልዩ ወፎች መካከል ቀይና ጥቁር ለባሹም ሆነ ረጅም ጭራ የሚያበቅለው ወንድ ወፍ ከአካባቢው ብዙም የማይርቅ፣ በበጋው ወራት እንደ ሴቷ ቡናማና ዥጉርጉር ሆኖ ከድንቢጦች ጋር በየማሳው ሲለቅም ማንም ልብ የማይለው ነው። ዝናቡ ሣሩን ሲያሳድግና ፍሬ ሲያስይዝ ይህ ወፍ ለመራባት የሚያምር ላባ ይለብሳል፤ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍም ያወልቀዋል። ስለዚህ መጣ የሚባለው ያልሄደ፣ ሄደ የሚባለውም እዚያው ያለ ነው። የወፎችን ወቅታዊ ጉዞ፣ ማለትም በየዓመቱ በመራቢያና በመክረሚያ ስፍራ መካከል የሚደረገውን ምልልስ፣ ለመረዳት የሚደረግ ጥረት ሁሉ መጀመሪያ ሊፈታው የሚገባው ግርታ ይኸው መታየትን ከመምጣት፣ መጥፋትንም ከመሄድ ያለመለየት ነው።

አርስቶትል የተሳሳተው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ፈላስፋው ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ በግሪክ በበጋ የምትታየው ጭራዋ ቀይ ወፍ በክረምት ደረቷ ቀይ ወደሆነችው ወፍ እንደምትለወጥ አድርጎ አስረድቷል፤ በእርግጥ ግን የመጀመሪያዋ ወደ አፍሪካ ስትወርድ ሁለተኛዋ ከሰሜን መጥታ ስፍራዋን የምትይዝ ሁለት የተለያዩ ወፎች ናቸው። እርሱ ጉዞውን ላባ መለወጥ አደረገው፤ የመስቀል ወፍ ተመልካች ደግሞ ላባ መለወጡን ጉዞ ያደርገዋል። ከአርስቶትል በኋላም ቢሆን ግምቱ ለብዙ ዘመን አልተቃናም። ስዊድናዊው ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ እ.ኤ.አ. በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ ዓሣ አጥማጆች በክረምት ከውኃ በታች ተጠቅልለው የተኙ ጨረባዎችን፣ ማለትም ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ነፍሳትን በአየር ላይ እየለቀሙ የሚኖሩ ትናንሽ ወፎችን፣ በመረብ እንደሚያወጡ ጽፏል። ዛሬ የሚያስቅ ቢመስልም አንዲት እፍኝ የማትሞላ ወፍ ሰሃራን ትሻገራለች ከማለት ይልቅ ሐይቅ ውስጥ ትተኛለች ማለት ለዚያ ዘመን ሰው የቀለለ ነገር ነበር።

ክርክሩን የቋጨው ማስረጃ የመጣው ከአውሮፓ ሊቃውንት ሳይሆን ስሙ ከማይታወቅ አፍሪካዊ አዳኝ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን፣ በሜክለንቡርግ ክፍለ ሀገር፣ በጥይት የተመታ አንድ ነጭ ሽመላ አንገቱን ወግቶ የቀረ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ከአፍሪካ እንጨት የተሠራ ፍላጻ ይዞ ተገኘ፤ ሽመላው ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይታያል። ፍላጻውን የወረወረው ሰው ሊበላው የፈለገው ወፍ ስላመለጠው ሳያዝን አልቀረም፤ ነገር ግን ሳያስበው በወፍ አካል ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ሌላ አህጉር የላከ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ቢቆጠር ማጋነን አይሆንም። ምልክቱን ታስቦበት ወደሚደረግ ዘዴ የለወጠው ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ መምህር ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1899 በቪቦርግ ከተማ ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸባቸው የአሉሚኒየም ቀለበቶችን በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ።

ቀለበቱ ወፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይናገራል እንጂ መንገዱን እንዴት እንዳወቀው አይናገርም። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ይበልጥ አስተማሪው ፐርዴክ የተባለው የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው ሙከራ ይመስላል። ስታርሊንግ የሚባሉት ጥቁር አብለጭላጭ ወፎች በመጸው በኔዘርላንድ በኩል አልፈው በሰሜን ፈረንሳይና በደቡብ እንግሊዝ ይከርማሉ፤ ፐርዴክ ከ11 ሺህ የሚበልጡትን በመንገዳቸው ላይ አስይዞ፣ ቀለበት አስሮ፣ በአውሮፕላን ወደ ስዊዘርላንድ አስወስዶ ለቀቃቸው። ከዚያ በፊት መንገዱን የተጓዙት ትልልቆቹ ወፎች ያለ ቦታቸው እንደተገኙ ዐውቀው ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፈው ወደ ለመዱት መክረሚያ ሲያቀኑ፣ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ወጣት ወፎች ግን ሲወለዱ ይዘውት የመጡትን አቅጣጫ ሳይለቁ በመብረር ወላጆቻቸው ወደማያውቁት ደቡብ ፈረንሳይና ስፔን ወረዱ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አቅጣጫና ርቀት በዘር የሚወረሱ መሆናቸው፣ ስፍራን ማወቅ ግን በኑሮ የሚገኝ ዕውቀት መሆኑ ነው። ወፉ አቅጣጫውን ከፀሐይ፣ ከከዋክብትና ከምድር መግነጢሳዊ ኃይል እንደሚያነብ በሌሎች ሙከራዎች ተረጋግጧል፤ ለመነሣት የሚያነቃቃው ደግሞ ብርዱ ራሱ ሳይሆን የቀኑ ርዝመት መለወጥ ነው።

ወፎች ከብርድ ይሸሻሉ የሚለው የተለመደ አባባልም ቢሆን እውነቱን በግማሽ ብቻ ይዟል፤ ላባ ከብርድ ይከላከላል፣ ከረሀብ ግን አይከላከልም። ብርድ በሌለበትም ጉዞ መኖሩን የአብዲም ሽመላ ያሳያል፤ ይህ ወፍ ዝናብ ሲጀምር ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ደረቅ ቀበቶ ጎጆውን ሠርቶ ይፈለፍላል፣ ዝናቡ ሲያበቃም ወገብን ተሻግሮ የደቡቡን አፍሪካ ዝናብና ዝናቡ የሚያፈላውን አንበጣ ይከተላል። ለእርሱ ሁለቱም ስፍራዎች ሞቃት ናቸው፤ የሚለያዩት በሚበላው ብቻ ነው።

ጉዞው ደግሞ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። ንስርና ሽመላን የመሳሰሉ ክንፈ ሰፊ ወፎች ክንፋቸውን እያራገቡ ረጅም መንገድ ቢሄዱ ጉልበታቸው ስለማይበቃ፣ በፀሐይ ከጋለ መሬት ሽቅብ በሚነሣ ሞቃት አየር እየተሽከረከሩ ከፍ ካሉ በኋላ ወደሚቀጥለው ሞቃት አየር እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ ባሕሩ በጠበበበት ለመሻገር ይገደዳሉ። ባብ ኤል መንደብ፣ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የየመንና የጅቡቲ መተላለፊያ፣ ከእነዚህ ጥቂት በሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በጅቡቲ ዳርቻ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ የሚበልጡ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም መካከል ከማዕከላዊ እስያ ሜዳዎች የሚነሡ የስቴፕ ንስሮች ይገኙበታል። ከበሩ የሚገቡት ብዙዎቹ ከጅቡቲ ዳርቻ ቀጥሎ የሚያገኙት ምድር የአፋር ዝቅተኛ ስፍራና የስምጥ ሸለቆው ገደል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወፎች ጉዞ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ጉድለት ይታይበታል፤ ታሪኩ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ወፉ በተፈለፈለበት ሰሜን ሲሆን፣ ደቡቡ «መክረሚያ» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ስለ ጎጆው ብዙ የተባለለት ወፍ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ከጎጆው ርቆ ሲያሳልፍ፣ ያን ጊዜ እንደ እረፍት መቁጠር የሒሳብ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ዋጋ አለው። በባልካን አገሮች የግብፃዊው ጥንብ አንሳ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ሲቀንስ ከምክንያቶቹ አንዱ የተገኘው በቡልጋሪያ ገደሎች ሳይሆን በሱዳን ጠረፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፖርት ሱዳን አጠገብ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር በምሰሶዎቹ ላይ የሚያርፉትን ወፎች እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪቋረጥ ድረስ ለአሥርት ዓመታት ገድሏል። ከዚህ መስመር አምልጠው የሚያልፉት ጥንብ አንሶች ከሚከርሙባቸው ስፍራዎች አንዱ አፋር ነው፤ በዚያም ሌሊቱን የሚያድሩት አብዛኛውን ጊዜ በዛፍ ፈንታ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው።

ክሬን የሚባሉት ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች ጉዳይ ደግሞ ወደ ገበሬው ደጃፍ ይበልጥ ይቀርባል። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ ጭምር ተነሥተው በጣና ዙሪያ በብዙ ሺህ የሚከርሙት ክሬኖች ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ንጋት ላይ በመለከት ድምፅ እየተጠራሩ ወደ ማሳ ወርደው የረገፈውን እህልና፣ አንዳንዴም ገና ያልተሰበሰበውን፣ ይለቅማሉ። በሰሜን አውሮፓ የወፉ መመለስ የጸደይ ደስታ ነው፤ ሽምብራው ለተለቀመበት ገበሬ ግን ደስታው የሚመጣው ወፉ ሲሄድ ነው፣ ይህም ስለ ወፉ ጥበቃ በሚነገረው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስፍራ የማያገኝ ሐቅ ነው። ክሬኖቹ ገና ባልታረሰው ረግረግ እያደሩ፣ ከማሳውም እየለቀሙ መጋቢት ሳይገባ የሚያከማቹት ስብ ወደ ሰሜን የሚበሩበት ስንቅ ነው፤ ስንቁ የሚታሸገው በጣና ዳር፣ በዚያው ገበሬ ማሳ ላይ ነው።